ቀይ ክር የታሰረበት ምላጭ

ጀማሪዋ ፎጣውን ገለጥ ስታደርገው ገና ሙቀቱ አልለቀቀም ነበር። በታች በኩል ግን ነጭነቱ ጠፍቶ ቀልቷል።

«ጋሼ?» አለች በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ ይመስል።

ጋሼ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ግራ ጉንጫቸው አረፋ እንደለበሰ፣ ጉሮሯቸው ተቆርጦ ወንበራቸው ላይ ሞተዋል። ጭናቸው ላይ በደም የተነከረ ምላጭ ወድቋል። እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ምላጩ የእሷ ነው።

ስትጮህ ማንቆርቆሪያው ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ፤ የግቢው ሰዎች ተጋፍተው ገቡ። ውሃው እግሯን ማቃጠሉን ያወቀችው በኋላ ሰው ነግሯት ነው። ያን ሰዓት ጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

እንዲህ ማሰቧ ያለ ነገር አይደለም። ውሃ ልታመጣ ከመውጣቷ በፊት የጋሼን አንገት እየላጨች ሳለ መንገድ ላይ የመኪና ጥሩምባ ጮኸና እጇ ሳት አለባት። ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ሲንሸራተት በመዳፏ ተሰማት። ጋሼ ግን ንቅንቅ አላሉም። «ውሃው ቀዝቅዟል፤ ፊቴን በፎጣ ሸፍኚኝና ሌላ አምጪ» አሏት በረጋ ድምፅ። እሷም ጉሮሯቸውን ለማየት ድፍረት አጥታ፣ ዓይኗን ወደ መስታወቱ መልሳ፣ ፎጣውን ጣል አደረገችባቸውና ወጣች። ምላጩን የት እንዳስቀመጠችው እንኳ አታስታውስም። አይታ ቢሆን ኖሮ ታውቅ ነበር፤ አለማየቷ ነው አሁን እንደ እሳት የሚያቃጥላት።

«ጀማሪ» የሚለው ስም የእሷ ብቻ አይደለም። በዚያ ፀጉር ቤት ሙያ ሊማር የገባ ሁሉ እስኪመረቅ ድረስ ጀማሪ ነው የሚባለው። ባለ ቀይ ክሩም ምላጭ ከጀማሪ ወደ ጀማሪ ሲተላለፍ የኖረ ነው። እሷ ባሏ ሞቶባት፣ ትንሽ ልጇን ይዛ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ጋሼ «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» አሏት። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ግሩም ነው» አሉና ቀጠሯት። ያሾፉባት መስሏት ነበር።

መጀመሪያ የተማረችው በፊኛ ላይ ነው። የተነፋ ፊኛ ሳሙና ትቀባና አረፋውን በምላጭ ትገፋለች። አንድም ፊኛ አላፈነዳችም፤ ግን በየፊኛው ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። ሁለተኛው ፀጉር አስተካካይ፣ በግራ እጁ ስለሚሠራ ግራኙ የሚባለው፣ «ፈሪ ለእናቱ፤ አንቺ ደግሞ ለልጅሽ» እያለ ይስቅባታል። ከፊኛው በኋላ ጋሼ የራሳቸውን ፊት ሰጧት። በምሳ ሰዓት የመንገዱን በር ይቀረቅሩና ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሕጋቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ስለቱን በጣትሽ እንዳትነኪ፤ እሱን የምስለው እኔ ነኝ። ሁለተኛ፣ ፍርሃትሽን እንዳትጥዪው።

የዚያን ቀን ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ጨምረው ነበር። «ዛሬ ጨርሺልኝና አንድ ነገር እነግርሻለሁ» ብለዋት ነበር፣ ዓይናቸው እየሳቀ። ያ ነገር ምን እንደሆነ ሳይናገሩ ይዘውት ሄዱ።

መርማሪው ሲመጣ ሰው ሞቶ የተጠራ ሳይሆን ሊስተካከል የመጣ ደንበኛ ይመስል ነበር። ጺሙ አድጓል፣ ኮቱ ሰፍቶታል፣ ጉንፋን ይዞት በየደቂቃው መሐረብ ያወጣል። ወዲያው ያየው ሬሳውን አልነበረም። የመንገዱን በር መቀርቀሪያ ነካ፤ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ከዚያ የጓሮውን በር ከፈተና ግቢውን ቃኘ። ወደ ግቢው የሚወጡት የጋሼ መኖሪያ ቤት፣ ውሃ የሚሞቅባት ትንሽ ማድቤትና የጎረቤቱ የፎቶ ቤት በሮች ብቻ ናቸው።

«ከመንገድ የገባ ሰው የለም» አለ ለራሱ። «ነገሩ የቤት ነው ማለት ነው።»

ከዚያ ወደ ጋሼ ተመለሰ። በእጁ ጀርባ የተላጨውን ቀኝ ጉንጫቸውን ዳበሰ። ቀጥሎ ከግራው ላይ ያልተነካውን አረፋ በጣቱ ጠርጎ፣ ያንንም ዳበሰ። አንዴ ሳይበቃው ደገመው። ጀማሪዋ የምላጩን አረፋ ስትጠርግበት የነበረውን ጨርቅ አነሳና ወደ መስኮቱ ወስዶ እየዘረጋ ተመለከተው።

«አንቺ ነሽ ስትላጪያቸው የነበርሽው?»

«አዎ ጌታዬ።» ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«ስትላጪ ምን ይሰማሻል?»

«ፍርሃት።»

«እሱን አይደለም። በጆሮሽ።»

ጥያቄው ግራ አጋባት። «ምንም። የጋሼ ምላጭ ሲሄድ ይንኮሻኮሻል፤ የኔ ግን ድምፅ የለውም። ‹እጅሽ ቀላል ስለሆነ ነው› ይሉኝ ነበር።»

መርማሪው አፍንጫውን ጠረገ። ምላጩን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «አጠገቤ ሁኚ፤ ከዓይኔ እንዳትርቂ» አላት። መታሰሯ ነው ብላ አሰበች። ልጇን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበላታል የሚለው ነገር ያን ጊዜ ነው የመጣባት።

ግቢው ውስጥ የጋሼ ባለቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ሁሉም እትዬ ነው የሚሏቸው።

«እናቴ፣ ጩኸቱ ሲሰማ የት ነበሩ?»

«ቤት ውስጥ። ሸሚዙን እየተኮስኩለት።» ድምፃቸው ደርቋል። «ሮጬ ገብቼ ፊቱን አየሁ። ከዚያ ወዲያ ያየሁትን አላውቅም፤ ይዘው አወጡኝ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ሁልጊዜ እንጣላ ነበር። ‹በቃህ፣ ዝጋውና እረፍ› እለዋለሁ፤ እሱ ‹ይችን ልጅ ላስመርቅ› ይለኛል።»

ግራኙ ግቢው ውስጥ በተሰጡት ፎጣዎች መሐል ቆሟል። ከፎጣዎቹ ይልቅ የሱ ፊት ነጥቷል።

«ፎጣ እያሰጣሁ ነበር። ከፎጣው ኋላ ሆኜ ማን እንዳለፈ አላየሁም» አለ ሳይጠየቅ።

«ዛሬ አዲስ ነገር ነበር?»

«ጠዋት ጋሼ ሁላችንንም ሰብስበው ‹ዛሬ ጀማሪዋን አስመርቃለሁ፤ የመስኮቱ ወንበር የእሷ ነው› አሉ።»

«ያን ወንበር አንተ አትፈልገውም ነበር?»

ግራኙ አንድ ፎጣ አስተካከለ። «ማን ይጠላዋል? ብርሃን ያለው እዚያ ነው። ግን ለወንበር ብዬ…» ሳይጨርስ ተወው። ጀማሪዋ ልታየው ዓይኗን ስታነሳ እሱ ቀድሞ አቀረቀረ። እሱም ነፍሰ ገዳይ ብሎኛል ስትል አሰበች።

ሦስተኛው የጋሼ የእህት ልጅ ነው። የፎቶ ቤቱ የሱ ነው። መርማሪው ጀማሪዋን አስከትሎ ፎቶ ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ሲገባ አንዳች ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዋን ወጋት። ፎቶ አንሺው ቀያይ ዓይኑን እየጠረገ ተቀበላቸው።

«ይቺን ለምን ይዘዋት ይዞራሉ?» አለ እሷን ሳያይ። «አጎቴን ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! እጇ እንደ ቅጠል የሚርገፈገፍ ሴት ምላጭ አይሰጣትም ብዬ። ያንን ምላጭ እኔም ይዤዋለሁ። ፀጉር ለሁለት ይሰነጥቃል!»

«አንተም እዚያ ተምረሃል?»

«ጀምሬ ነበር። አንድ ፊኛ አላፈነዳሁም፤ እጄ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። አጎቴ ግን ሳያስመርቀኝ አሰናበተኝ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።» ከንፈሩን ነከሰ። «ይሁን፤ ያለፈ ነገር ነው።»

ወደ ፀጉር ቤቱ ሲመለሱ መርማሪው የጋሼን መሳቢያ ከፈተ። ምላጮቹ በየቦታቸው ተደርድረዋል። ጥቁር እጀታ ያለውን፣ ጋሼ በሥራ ቀን ከእጃቸው የማይለዩትን አነሳና ዘረጋው። መጋጠሚያው አካባቢ እርጥብ ነው።

«እኔ አፍንጫዬ ተደፍኗል። እስቲ አሽቺልኝ።»

እየፈራች አፍንጫዋን አስጠጋች። «ኮምጣጤ… ኮምጣጤ ይመስላል።»

ምላጩን አጥፎ ወደ መሳቢያው መለሰው። ፍርሃቷ ያፈነችውን ከአፏ አወጣው።

«ጌታዬ፣ አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። መኪና ሲጮህ እጄ ስቷል። ምላጩ ጉሮሯቸውን ሲነካ ተሰምቶኛል። ሳላይ ነው የሸፈንኳቸው።» እንባዋ ወረደ። «እኔ ብሆንስ?»

መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት። «ነገ ጠዋት እዚህ ነይ። ልጅሽን ለሰው አደራ ስጪ» አላትና ወጣ።

ልጅሽን ለሰው አደራ ስጪ! ይህ ለሚታሰር ሰው ካልሆነ ለማን ይባላል? ያን ሌሊት ልጇን አቅፋ አደረች እንጂ አልተኛችም። ሲነጋ የሕፃኗን ልብሶች አጣጥፋ፣ ጎረቤቷ ዘንድ ትታት፣ እግሯን እየጎተተች መጣች።

የመስኮቱ ወንበር ታጥቦ ወደ ክፍሉ መሐል ተስቧል። እትዬ፣ ግራኙና ፎቶ አንሺው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ። መርማሪው ከኪሱ ባለ ቀይ ክሩን ምላጭ አውጥቶ ዘረጋ። ታጥቦ ያብረቀርቃል።

«ሐኪሙ መርምሮ መልሶልኛል» አለ። «አሁን ጀማሪዋ ይህን ይዛ እዚህ ወንበር አጠገብ ትቆማለች። እናንተ ደግሞ ተራ በተራ ትቀመጣላችሁ፤ እሷ ስለቱን ጉሮሯችሁ ላይ ታሳርፋለች።»

«እኔ?» ጀማሪዋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «አልችልም! በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ አልችልም!»

መልስ የሰጧት መርማሪው ሳይሆን እትዬ ናቸው። ቀስ ብለው መጥተው፣ ሟች ባላቸው የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡና አንገታቸውን አቀኑ። «ነይ ልጄ» አሉ። እጇ ሲንዘፈዘፍ አይተው ራሳቸው አንጓዋን ይዘው ስለቱን ጉሮሯቸው ላይ አሳረፉት። ዓይናቸውን እንኳ አልጨፈኑም። 

ግራኙ ተከተለ። አንገቱን ሰጠ፤ ሽብር አልታየበትም። ሀፍረት ግን ነበረበት፤ ሊያያት አልቻለም።

«ቀጥሎ» አለ መርማሪው።

ፎቶ አንሺው አልተንቀሳቀሰም። «ያበዳችሁ ናችሁ እንዴ? እጇ ሲንቀጠቀጥ አታዩም? አጎቴን ባረደ ምላጭ!»

«አክስትህ ተቀምጠዋል።»

«እሷን ሐዘን አሳብዷታል! እኔ አልቀመጥም!»

«ካልክ እኔ ልተካህ» አለ መርማሪው። ከጀማሪዋ እጅ ምላጩን ተቀበለ፣ ኮሌታውን ገለጠ፣ ስለቱን በገዛ ጉሮሮው ላይ ተጭኖ ከዳር እስከ ዳር ጎተተው።

ጀማሪዋ ጮኻ ፊቷን ሸፈነች። የሚወድቅ ሰው ድምፅ ጠበቀች። የሰማችው ግን ማስነጠስ ነው። ጣቶቿን ከፈት አድርጋ ስታይ መርማሪው ቆሟል። አንገቱ ላይ ከአንዲት ቀይ መስመር በቀር የደም ጠብታ የለም፤ ያደገው ጺሙም እንዳለ ነው።

«ዱልዱም ነው» አለ። «የማንኪያ ጀርባ በለው። ሆን ተብሎ ስለቱ ተገድሏል። ትናንት ሙሉ ቀን በፍርሃትሽ የተጫወትኩ ከመሰለሽ ይቅር በዪኝ እህቴ፤ ሚስጥሩን የማያውቀውን እስክለይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። ልጅሽንም አደራ ስጪ ያልኩሽ ዛሬ ሥራ ስላለሽ ነው።»



«ከአረፋው ልጀምር» አለ መርማሪው ምላጩን እያጠፈ። «መጥረጊያው ጨርቅ ላይ አረፋ ብቻ ነው ያለው፤ አንዲት የጺም ዘለላ የለችበትም። ቀኝ ጉንጫቸው ተላጨ ተባለ፤ ለስላሳ ነው። ግራው አልተላጨም፤ እሱም ያው ለስላሳ! ሟች ጠዋት ራሳቸው ተላጭተው፣ አረፋ ተቀብተው ነው ለጀማሪዋ የሚቀመጡት ማለት ነው። እሷ አረፋውን ስትገፋ ቆዳው ወለል ሲልላት የላጨች ይመስላታል። ምላጩ ለምን ድምፅ እንደሌለው ገባሽ? የሚቆርጠው ነገር አልነበረም።»

«የቤቱ ደንብ ነው» አለ ግራኙ ድምፁ ተሰብሮ። «ጀማሪ ሁሉ በዱልዱም ነው የሚማረው። አይነገረውም። ፍርሃቱ እውነተኛ እንዲሆን፣ የሰው አንገት ግን እንዲተርፍ። የሚነገረው በምረቃው ቀን ነው።»

«ይህን እያወቅህ ለምን ትናንት ዝም አልክ?»

«ፈራሁ። የእሷ ምላጭ ካልሆነ፣ ስል ምላጭ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ማን ያምነኛል ብዬ…» ወደ ጀማሪዋ ዞረ። «ይቅር በዪኝ። እኔ ነኝ ፈሪው።»

«እኔ ምላጩን አላየሁም» አሉ እትዬ። «ሆዴን የበላኝ ፊቱ ነው።»

«እንግዲህ» አለ መርማሪው፣ «ገዳዩ ሲገባ ይህን ምላጭ አላየውም፤ ከመሳቢያው ባነሳው ሌላ ምላጭ ገደለ፤ ከዚያ ይህንን ሲያገኘው ደም ቀብቶ ጭናቸው ላይ ጣለው፣ እሷ ገደለች እንዲባል። ዱልዱምነቱን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ እሷን ነፃ ማውጣት ይሆንበታላ። ስለዚህ ገዳዩ የቤቱን ሥርዓት ያውቃል፤ የምሳ ሰዓቱን፣ የክሩን ምላጭ፣ የመሳቢያውን ቦታ ያውቃል። ሚስጥሩን ግን አያውቅም። ጀምሮ ያልተመረቀ ሰው ነው።»

ከመሳቢያው ባለ ጥቁር እጀታውን አወጣ። ስለቱ ላይ ትናንት ያልነበረ ዝገት እንደ ሻጋታ ፈክቷል።

«የገደለው ይህ ነው። መጋጠሚያው ውስጥ ደም አለ። ገዳዩ ይዞት ወጣ፤ አጥቦ፣ ይቺ ልጅ ስትጮህ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ሲገባ መሳቢያው ውስጥ መለሰው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! በጨለማ ያጠበው ውሃ መስሎት ነበር፤ ፎቶ የሚታጠብበት መድኃኒት ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፤ ብረትንም በአንድ ሌሊት ይበላል።»

ፎቶ አንሺው የሚያየው መርማሪውን አልነበረም። ዓይኑ ባለ ቀይ ክሩ ምላጭ ላይ ተተክሏል።

«እኔም… በዱልዱም ነበር?» አለ። «ያ ሁሉ… አንድ ፊኛ ያላፈነዳሁት…»

«አንተም በዱልዱም» አሉ እትዬ።

«ታዲያ ለምን አባረረኝ? ለዚች ለምትርገፈገፈው ወንበር የሚሰጥ፣ እኔን ለምን?» ድምፁ ወደ ጩኸት ተለወጠ። «የመስኮቱ ወንበር የእሷ ነው ሲል እያየኝ ነው! እያየኝ!»

«ያሰናበተህ ዕለት አጎትህ ጉሮሮ ላይ ስለቱን አሳርፈህ ‹ልቁረጠው?› ብለህ ሳቅክ። አንተ ስል መስሎህ ነው፤ እሱም እንደመሰለህ ያውቃል።» እትዬ ፊታቸውን አዞሩ። «ማታ መጥቶ ‹ይህ ልጅ አይፈራም፤ የማይፈራ እጅ ያስፈራኛል› አለኝ። የእህቱ ልጅ ስለሆንክ ፊት ለፊት ሊነግርህ ከበደው።»

ፖሊሶቹ ሲይዙት አልታገለም።

ሬሳው ለቀብር ወደ ቤት ሲመለስ ጀማሪዋ ልትሰናበታቸው ገባች። በነጭ አንሶላ ተሸፍነው አልጋቸው ላይ ተኝተዋል። ቆዳቸው ደርቆ ስለሸሸ ጉንጫቸው ላይ ነጫጭ ጺም ብቅ ብሏል።

«እንዲህ ሆኖ አይሄድም» አሉ እትዬ። «ሙሉ ዕድሜውን ሲነጋ ሳይላጭ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።»

ግራኙ የራሱን ምላጭ ከኪሱ አወጣ። ወደ አልጋው ግን አልሄደም፤ ለእሷ ዘረጋላት። «ይሄኛው ስል ነው» አላት። «እንዳትሳሳቺ።»

ፈራች። ከፊኛው ዘመን ይልቅ፣ ከትናንቱም ይልቅ ፈራች። አረፋውን በብሩሽ ስትቀባ ጣቶቿ እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። ቆዳውን በግራ እጇ ወጠር አድርጋ ስለቱን ግራ ጉንጫቸው ላይ፣ ሳይጨረስ በቀረው በኩል አሳረፈች። እንግዳ ነገር ነው፤ ቆዳውን ሲነካ እጇ ቀጥ አለ። ቀስ ብላ ወደ ታች ሳበችው።

ምላጩ ተንኮሻኮሸ።

ደነገጠችና ቆመች። እትዬን ዞራ አየቻቸው፤ እንባቸው እየወረደ ፈገግ ብለዋል።

«አንድ ነገር እነግርሻለሁ ብሎሽ አልነበር?» አሏት። «እሱ ነው። ቀጥዪ፣ ልጄ።»